ያዘለኝ ጀርባ

ኮሳል መዝፈን አይችልም የሚሉ ሰዎች ውሸታቸውን ነው። ይችላል። ችግሩ የሚችለው አንድ ዓይነት ብቻ መሆኑ ነው።

ያን ዓርብ ከምሳ በኋላ እሱና የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ ከሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ጀርባ፣ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ነበር። በፌስታል የተቋጠረ የበረዶ ቡና እየመጠጡ ጊታር ይቀባበላሉ። ቴአሪት የክፍሉ አፈኛ ነው፤ ፈተና ይወድቅ ይሆናል እንጂ ጨዋታ አይነጥፍበትም። ክሩን እያጠበቀ «ዛሬ አታመልጥም፤ እኔ እመታለሁ፣ አንተ ትዘፍናለህ» አለው።

ኮሳል ያን ሰሞን ሁሉም ሰው የሚያንጎራጉራትን ዘፈን ጀመረ። በጀልባ ወንዙን ተሻግራ ስለሄደች ልጅ የተዘፈነች ናት። ሁለተኛው ቤት ላይ ሲደርስ፣ ከአጥሩ ሥር የሸንኮራ ጭማቂ የምትሸጠው ሴትዮ መጭመቂያዋን አቆመች፤ ባርኔጣዋን አወለቀች፤ ሬሳ እንዳለፈባት ሁሉ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ ገጥማ ጎንበስ አለች። ሳቁ ማንጎው ላይ የነበሩትን ወፎች አስነሳ።

«ኧረ ሰውዬ!» አለ ቴአሪት እንባውን እየጠረገ። «ጥላህ ሄደች ነው እኮ የሚለው! መቼ ሞተች አለ?»

«ተዉት፣ ድምፁ ቆንጆ ነው» አለች ኒሞል። ከክፍሉ ልጆች የጻፈችውን ግጥም ሳታፍር ለሰው የምታሳይ እሷ ብቻ ናት።

«ማን አስቀያሚ ነው አለ? የሬሳ ቆንጆ ነው ያልኩት።»

ኮሳልም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስሙ «አልቃሹ» ሆኖ ቀረ።

ድምፁን ከማን እንዳመጣው አልነገራቸውም። እናቱ ሳሪን ከፕኖም ፔን ሁለት ሰዓት ተኩል በአውቶቡስ በምትርቅ፣ ከሰው የዘንባባ ዛፍ በሚበዛባት መንደር የመሸኛ ዜማ አዋቂ ናት። በዚያ አገር ሰው ሊሞት ሲል ዝም ብሎ አይተኛም። ሐኪሙ ተስፋ ሲቆርጥ ሳሪን ትጠራለች። ራስጌው ላይ ትቀመጥና ልቡ የያዘውን ሁሉ ቀስ ብሎ እንዲለቅ፣ ሳይጨነቅ እንዲሄድ ታዜምለታለች። ከሞተም በኋላ ሬሳው እስኪቃጠል ድረስ ዜማው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ኮሳል ስምንት ዓመት ሲሆነው የድምፅ ማጉያው ባለቤት አባባ ቾርን ድምፅዋን በቴፕ ቀዳው። ይህ ቴፕ ከዚያ ወዲህ ያልዞረበት የለቅሶ ቤት የለም።

ቴፑ ላይ ኮሳልም አለበት። እናቱ ታወጣለች፣ እሱ በቀጭን ድምፁ ይቀበላል።

«ቀኑም መሸ፣ ሸክም ይራገፍ፤
ያዘለኝ ጀርባ ከእንግዲህ ይረፍ።»

እዚህ ጋ ሲደርስ ልጁ «ያዘለኝ ጀርባ» ይልና ቀጥ ይላል። እስከዚያች ቀን ድረስ ቃሉን እንደ በቀቀን ነበር የሚለው፤ ጀርባው የማን ጀርባ እንደሆነ ድንገት የገባው ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ ነው። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማል። ከዚያ ሳሪን ከማይክሮፎኑ ፈቀቅ ብላ፣ በለሆሳስ «ቀጥል የኔ ልጅ» ትለዋለች። ልጁም ይቀጥላል። አባባ ቾርን ሁለተኛ ካሴት መግዛት ስለከበደው ይሁን ስለወደደው እንዲሁ ተወው። የመንደሩ ልጆች ኮሳልን ባዩት ቁጥር «ቀጥል የኔ ልጅ!» እያሉ ሲያበሽቁት አደገ። ከተማ ሲገባ ከዚህ በመገላገሉ ደስ ብሎት ነበር።

በከተማው የሚኖረው እንደ ብዙ የክፍለ ሀገር ልጆች የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ ከመነኮሳቱ ማደሪያ ጥግ ነው። ግቢ ይጠርጋል፣ የመነኮሳቱን የምግብ ሳህን ይሸከማል፤ በምላሹ ምንጣፍና ጣሪያ አለው። ከምንጣፉ ሥር አንድ ደብተር አለች። «ግጥም ወረቀት ላይ የተኛ ሰው ነው፤ ዜማ ነው የሚቀሰቅሰው» ይላል አንዱ ገጽ። ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲጽፍ ለራሱ ትልቅ ሰው ይመስለዋል። ሌላው ገጽ ግን የምር ነው፦ «ግቢያችን ውስጥ ሁሉም በአውቶቡስና በጀልባ ለሄደች ልጅ ይዘፍናል። ላይመለስ ለሚሄድ ሰው የምትዘፍን አንድ ሴት አውቃለሁ። ለእሷስ ማን ይዘፍንላታል?»

ይህን የጻፈው የእናቱ ጉበት መታመሙን በሰማ ማግስት ነው።

ሲደውል ስልኩን ለእናቱ የምትይዝላት አክስቱ ፋሊ ነበረች።

«በላህ?» አለች ሳሪን።

«በላሁ እማ። አንቺስ?»

«የሩዝ ሾርባ፣ ሁለት ማንኪያ። ፋሊ አምስት ብላ ታወራልሃለች፤ እንዳታምናት።» ትንሽ አረፈች። «አንድ ነገር ላስቸግርህ። መሸኛውን በልልኝ።»

«ለማን?» አለ እንዳልገባው ሆኖ።

«ለጎረቤት ላም! ለማን ይመስልሃል?»

«ለአዲስ ዓመት ስትነሺ አብረን እንለዋለን።»

«ኮሳል፣ ለሰው ስል ኖሬ…»

«እማ፣ ክፍል ገባን» አለና ዘጋው። ክፍል አልነበረም። የመነኮሳቱን ሳህን እያጠበ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። መሸኛው ተዚሞለት የተነሣ በሽተኛ በዚያ መንደር ታይቶ አይታወቅም። ዜማው ከአንድ ቤት ሲሰማ ጎረቤት ሩዝ መስፈር፣ አናጢ ሳንቃ መፈለግ ይጀምራል። ስለዚህ እኔ አፌን ካልከፈትኩ እሷም አትሄድም ብሎ አሰበ። የሎጂክ ፈተና ሰማንያ ስድስት ያመጣ ልጅ ነው እንዲህ የሚያስበው። ፍቅር እንዲህ ነው፤ የተማረውንም ያልተማረውንም እኩል ያጃጅላል።

ሁለተኛ ስትጠይቀው ጉንፋን ይዞኛል አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀው ቅዳሜ ጠዋት ራሱ ሄደ። ሳሪን በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤት ሥር፣ ነፋሻው ላይ በቀርከሃ አልጋ ተኝታለች። ያ ሁሉ ሰው የተሸኘበት ደረቷ የሕፃን ደረት አክሏል። ራስጌዋ ላይ፣ እሷ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት በኩል ተቀመጠ። እሷም ነገሩ ገብቷት ዓይኗን ጨፈነች፤ እጆቿን ገጥማ ደረቷ ላይ አደረገች። አክስቱ ፋሊ መውቀጧን አቆመች። ዶሮዎቹ እንኳን ዝም ያሉ መሰለው።

ኮሳል አፉን ከፈተና የጀልባዋን ልጅ ዘፈነ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሳሪን አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ይቺ ልጅ እስካሁን አልተሻገረችም?» አለች። ሳቁ፤ ፋሊም ሳቀች። ከዚያ ሳሪን ክንዱን ዳበስ አድርጋ «ይሁን፣ ጥሩ ነው» አለችና ፊቷን ወደ ምሰሶው አዞረች። ያን መዞር ኮሳል አይቶታል። አውቶቡሱ ላይ «ደክሟት ነው» ሲል ለራሱ ነገረው፤ እስከ ፕኖም ፔን ድረስ ደጋግሞ ነገረው።

ማክሰኞ የግጥም ክፍለ ጊዜ ነበር። ሽማግሌው መምህር ሱን «የቁራ እርምጃ» የሚባለውን ስንኝ እያስተማሩ ነው፤ አራት አራት ቀለም እየረገጠ የሚሄድ፣ ቁራ መሬት ላይ እንደሚዘለው ያለ ስንኝ ነው።

«ግጥም አይነበብም፤ ይዜማል» አሉ። «እናንተ ግን ታፍራላችሁ። የምታውቁትን፣ የትኛውንም ይሁን፣ ማን ይሞክራል? አሥር ማርክ አለው።»

«አልቃሹ አለ፣ መምህር!» ብሎ ቴአሪት ከወንበሩ ገፍቶ አስነሣው።

ኮሳል ቆመ። ቀላል ነገር ሊል ነበር፤ በዚያ ቅዳሜ ጉሮሮው ላይ የታነቀው ግን እስካሁን እዚያው ነበርና ከአፉ የወጣው መሸኛው ሆነ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይደናቀፍ፣ እናቱ እንዳስተማረችው ትንፋሹን እየቆጠበ አለው። «ያዘለኝ ጀርባ ከእንግዲህ ይረፍ»ንም አለ። አምና አያቷን በሞት ያጣችው ኒሞል እንባዋ እየወረደ ስልኳን ቀና አድርጋ ቀዳችው።

«ከማን ተማርክ?» አሉ መምህሩ።

«ከእናቴ።»

«በሕይወት አሉ?»

«አሉ!» አለ ቶሎ ብሎ። ክፍሉ አጨበጨበ። አሥር ከአሥር ተሰጠው።

ከክፍል ሲወጡ ኒሞል ቅጂውን ወደ ስልኩ አሳለፈችለትና «ለእናትህ ላክላቸው፤ ደስ ይላቸዋል» አለችው።

«እልካለሁ።»

አልላከም። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ቅጂውን እያወጣ አውራ ጣቱን መላኪያው ላይ ያደርግና ይመልሳል። ለክፍል ልጆች፣ ለአሥር ማርክ ያለውን ለእናቱ ነፈገ። ክፋት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። የተነፈገ ሰው ግን ልዩነቱን ከየት ያውቃል? ዓርብ ማለዳ አክስቱ ደወለች፤ ስሙን ጠርታ ማልቀስ ስትጀምር የቀረውን አልጠበቀም።

መንደሩ ገብቶ እንደ ለቅሶው ወግ ጸጉሩን ተላጨ፣ ነጭ ለበሰ። ደጃፉ ላይ የለቅሶው ነጭ ባንዲራ ተሰቀለ። አባባ ቾርን ማጉያውን ዘንባባው ላይ ሲያስር ቆየና ወረደ፤ ማይክሮፎኑን እንደ ሰበብ በእጁ እያገላበጠ መጣ።

«በእናትህ ፈንታ አንተ ነህ ያለኸው» አለ። «አንተ ትለዋለህ ወይስ ላጫውት?»

ኮሳል አልችልም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲህ ሌላ አዋቂ የለኝም። ያለችኝ እሷው ናት።» ሽማግሌው አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ ቁልፉን ተጫነ።

ሳሪን ከዘንባባው ጫፍ ራሷን መሸኘት ጀመረች። ሩዝ የሚለቅሙት ሴቶች እጃቸው በሰፌዱ ላይ ቀረ። በመንደሩ ብዙ ለቅሶ ታይቷል፤ ሟች ለራሷ ስታዜም ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም። ኮሳል ጆሮውን ይዞ ወደ ጓሮ ሸሸ።

አክስቱ ፋሊን እዚያ ትልቁን የሩዝ ድስት ስታማስል አገኛት። አልተቆጣችውም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«ሐሙስ ዕለት» አለች ዓይኗን ከድስቱ ሳታነሳ፣ «ቾርንን ጥሪልኝ፣ ቴፑን ይዞ ይምጣ አለችኝ። የራሷን ድምፅ ልትሰማ መስሎኝ፣ እሺ አልኩ። ሲጀምር ግን በጣቷ እለፍ፣ እለፍ ትለዋለች። አንተ ጋ ሲደርስ ጣቷን አወረደች።»

ኮሳል አንድ ፍልጥ አንስቶ ምድጃው ውስጥ ማገደ።

«ሰባት ጊዜ አስመለሰችው። የሷን ድምፅ እያሳለፈ፣ ያንተን ብቻ። ቾርን ቢደክመው ‹ሳሪን፣ ልጁ እኮ እዚህ ጋ ይሳሳታል› አላት። ‹አልተሳሳተም፤ አሳዘንኩት እንጂ› አለችው። እንዲያ እንዳለች ነው ያሸለበችው።»

ኮሳል እዚያው አመዱ ላይ ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። ሰምታው እንደሄደች ሲያስብ ልቡ ትንሽ ቀለል ይለዋል፤ የሰማችው የስምንት ዓመቱን ልጅ እንጂ እሱን እንዳልሆነ ሲያስብ ደግሞ መልሶ ይሰበራል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር። አሥር ከአሥር ያገኘው ቅጂ እስካሁን እዚያው ነው።

ከሰዓት እነቴአሪት በሞተር መጡ። አቧራ የለበሱትን ጫማዎቻቸውን አውልቀው በምንጣፉ ዳር ተደርድረው ተቀመጡ። ቴአሪት ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል፤ ሊቀልድ ይቅርና ቀና ብሎም አላየው። ቴፑ አልቆ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ። የሳሪን ድምፅ ወረደ፣ ተነሣ፣ ረዘመ። ከዚያ ቀጭኑ ድምፅ ተቀበለ።

«ቀኑም መሸ፣ ሸክም ይራገፍ፤ ያዘለኝ ጀርባ…»

ልጁ ቆመ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ በሜዳው ሁሉ ተሰማ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ኮሳልም ይህን ተረት ያውቀዋል። ቢሆንም ተነሥቶ ራስጌዋ ጋ ሄደ፤ እሷ በምትቀመጥበት በኩል ተቀመጠ። እጁን ሲዘረጋ አባባ ቾርን ምንም ሳይጠይቅ ማይክሮፎኑን ሰጠው።

«ቀጥል የኔ ልጅ» አለች ሳሪን ከዘንባባው ላይ፣ በለሆሳስ።

ሽማግሌው ቴፑን አጠፋው። ኮሳል ቀጠለ።