ማሽኑን የሚጠብቀው ወለል

ኪማኤሬ ወደ ጎደሬው ጉድጓድ ወርዶ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ጠርዛቸው ቢጫ ሆኗል። ጣቱን ከሥራቸው ባለው ውሃ ነክሮ ቀመሰ። ጨዉ ከትናንቱ በርትቷል።

ጉድጓዱን የቆፈረው አያቱ ነው። ወንድሙ ከመሞቱ በፊት የተከለው ትልቁ ጎደሬ ገና መሐል ላይ ቆሟል። ዝናብ ከጠፋ ሰባት ወር አልፏል። ሰዉ የሚጠጣውን ከመሬት በቀዳ ቁጥር ባሕሩ ከታች እየገባ የጎደሬውን ሥር ይበላል። የባሕር ውሃ የሚያጣራው ማሽን ከመጣ ግን መንደሩ ከመሬት መቅዳቱን ይተዋል፤ ከአሸዋው በታች የቀረችው ጥቂት ጣፋጭ ውሃም ለጎደሬው ትተርፋለች። ኪማኤሬ የሚጠብቀው ይህንኑ ብቻ ነበር።

በዚያው ጠዋት መርከቧ ደሴቲቱን ከከበበው የኮራል ዓለት ማዶ መልሕቅ ጣለች። ጀልባዋ የወንድሙን ልጅ ራኬራን አወረደች። ሌላ ያወረደችው ነገር አልነበረም።

ራኬራ አገራቸው ኪሪባቲ ከጎረቤት ደሴት አገሮች ከቱቫሉና ከማርሻል ጋር በጋራ ባቋቋመችው ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። ሥራዋ ሦስቱ አገሮች በሚያገኙት እርዳታ እንዳይሻሙ፣ በአንድ ዝርዝርና በአንድ መርከብ ተራ በተራ እንዲደርሳቸው ማድረግ ነው። የአጎቷን እጅ ስማ ቀና ስትል ዓይኑ ጀልባዋ ላይ ነበር።

«አባባ፣ ማሽኑ መርከቧ ላይ ነው» አለች።

«ታዲያ ምን ይጠብቃል?»

«እናንተን። ቱቫሉ ውስጥ ኑኩሎቶ የምትባል ደሴት አለች። አንድም የሚጠጣ ጉድጓድ አልቀረላትም። ሰዉ በኮኮናት ውሃ ነው ያለው፤ ሕፃናቱ ታመዋል። ተራው የናንተ ነው፤ ግን እነሱ ይቅደሙ ተባለ። መንደራችሁም ተስማምቷል ተብሎ ተጻፈ።»

«ማነው የተስማማው?»

«እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። የጻፈው ሴሜሴ ነው።»

ኪማኤሬ ሴሜሴን አልረሳውም። ከሁለት ወር በፊት ከዚያው ጽሕፈት ቤት የመጣ፣ ጨዋ የቱቫሉ ልጅ ነው። ማኔባው ውስጥ፣ በመንደሩ ሸንጎ ቤት፣ የእንግዳ ሰሌን ላይ ተቀምጦ ማሽኑ ለኑኩሎቶ ይቅደም ብሎ ብዙ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ሰሙት። መልስ የሰጠው ግን አልነበረም። ከዚያ አበሉትና የአበባ ጉንጉን አጠለቁለት። በሱ ደሴት ሽማግሌዎች ለተናጋሪ አበባ የሚያጠልቁት ነገሩን ሲቀበሉት ነው። እዚህ አበባ ለእንግዳ ሁሉ ይደረጋል፤ ሐሳቡ ለተጠላበትም። ሴሜሴ አበባው ሲጠለቅለት «ተስማምተዋል» ብሎ ጽፎ ሄደ። መንደሩም በዝምታው እምቢ ያለ፣ ነገሩም ያከተመ መስሎት ማሽኑ የሚቆምበትን ወለል መሥራቱን ቀጠለ።

«ባልተባለ ነገር ላይ አልፈርምም ብዬ ነው የመጣሁት» አለች ራኬራ። «ዛሬ እምቢ ካላችሁ ማሽኑ እዚሁ ይወርዳል። እሺ ካላችሁ ነገ ጠዋት ወደ ኑኩሎቶ ይሄዳል።»

«ቀጣዩስ መቼ ነው?»

«ለሚቀጥለው ዓመት ተብሏል።»

«ተብሏል» አለ ኪማኤሬና ወደ ማኔባው መንገድ ጀመረ።

በማኔባው እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ የጣሪያ ወራጅ ሥር የራሱ ቦታ አለው። ከፊት የሚቀመጠው አንድ ሰው ስለ ሁሉም ይናገራል። ከኋላው ያሉት፣ ሴቶቹም ጭምር፣ በጆሮው ይነግሩታል። ከኋላ የተነገረውን መዋጥ ነውር ነው፤ ባይወደውም የቤተሰቡ ቃል አድርጎ ያወጣዋል። የኪማኤሬ ወንድም በሕይወት ሳለ ከፊት የሚቀመጠው እሱ ነበር፤ ኪማኤሬ ደግሞ ከኋላ።

ለራኬራ አዲስ ሰሌን በእንግዳ በኩል ተነጥፎ ነበር። ራኬራ አየችው፤ አለፈችው። መጥታ ከኪማኤሬ ጀርባ ባዶ ጠጠር ላይ ተቀመጠች።

ማኔባው አጉረመረመ። የሁሉ ታላቅ የሆነው ቦካይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ራኬራ፣ የመንግሥት ሰሌን ቆረቆረሽ? ጠጠር ላይ ምን አስቀመጠሽ? እኛ ዘንድ አሳማ እንኳ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኛው።»

ሰዉ ሳቀ። እውነቱን ነው። የማሽኑ ወለል ካለቀ ወዲህ አሳማዎቹ ቅዝቃዜውን ወደውት ቀኑን ሙሉ አይነሱበትም።

«ማሽኑ ሲመጣ ማን ያስነሳቸዋል?» አለ አንዱ።

«አንተ ሂድና ለምናቸው፤ ዘመዶችህ አይደሉ?» አለ ቦካይ። ከዚያ ሳቁን ተወና ወደ ኪማኤሬ ዞረ። «በሉ፣ በማሽኑ ነገር የናንተ ቦታ ምን ይላል?»

ራኬራ ወደ አጎቷ ጆሮ ተጠጋች። የተናገረችው ጥቂት ነው። ተናግራም ተመለሰች።

ኪማኤሬ ዓይኑን ወደ ባሕሩ አዞረ። ያለችውን ከሱ በቀር የሰማ የለም። በማኔባው ክፍት ጎን መርከቧ ትታያለች፤ ማሽኑ ሆዷ ውስጥ ነው። «እምቢ» የምትል አንድ ቃል ቢል ከቀትር በፊት ይወርዳል። የገዛ አፉ ውስጥ የጠዋቱ ጨው ገና አልጠፋም ነበር። ብዙ ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ ወንድሙን የማይወደውን ነገር አናግሮታል። ወንድሙ አንድም ቀን አልዋጠበትም።

«የኛ ቦታ እንዲህ ይላል» አለ። «ሴሜሴ የጻፈው ሐሰት ነው፤ እኛ አልተስማማንም ነበር። ዛሬ ግን ተጠየቅን። እኛ ጎደሬያችን እየሞተ ነው። እነሱ ልጆቻቸው። ማሽኑ ይሂድ።»

ቦካይ ወደሱ ጠጋ አለ። «መጀመሪያ የሚሞተው ያንተ ጎደሬ ነው። ታውቃለህ?»

«ጠዋት ቀምሼዋለሁ።»

ቃሉ ከቦታ ወደ ቦታ ዞረ። ሁለት ቤተሰቦች ተቃወሙ፤ አንደኛው ተመልሶ እሺ አለ። ሌላው ዝም አለ፤ ዝምታውንም እንደ እሺ እንዳይጽፉበት አስጠነቀቀ። በመጨረሻ ቦካይ መሬቱን በመዳፉ መታ፤ አለቀ ማለት ነው።

«ወለሉስ?» አለ።

«የኑኩሎቶ ሰዎች ሠርተዋል?» ብሎ ኪማኤሬ አንገቱን ወደ ኋላ፣ ወደ ራኬራ አዘነበለ። ሰምቶ ተመለሰ። «አልሠሩም። እንግዲህ እኛ እንዳደረግነው ሲሚንቶውን በቀትር ያፈሱና ይሰነጠቅባቸዋል። ሁለተኛውን ሲመሽ አፍስሰን በእርጥብ ቅጠል ስንሸፍነው ነው የጸናልን። የሚያሳያቸው ሰው ይሂድ።»

«ማን?»

«እኔ።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ሲሚንቶ ልትሸከም ነው?»

«ልሸከም አላልኩም። በቀትር እንዳያፈሱ እከለክላለሁ።»

ሴቶቹ አበባ ይዘው ገቡ። በኋላ ከመርከቧ ለወረደው ካፒቴን አጠለቁ፤ አብረውት ለመጡት ሁለት መርከበኞች አጠለቁ። ራኬራ ጋ ሲደርሱ፣ እንደ ቤት ልጅ፣ ሳያጠልቁላት አለፉ። ራኬራ አንገቷን ደፋች። ኪማኤሬ ጎኑ ያለውን ጠጠር ጠረገና ቦታ ለቀቀላት።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ኪማኤሬ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ የወንድሙን ጎደሬ ነቀለ። ለመንቀል ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። የታችኛው ግማሹ በስብሷል። ደህናውን ቆርጦ አጠበና ቀቀለው። ከራኬራ ጋር ደጃፍ ላይ ተቀመጡ።

«አባትሽ የተከለው ነው» አላት።

ራኬራ ቀመሰች። ጥቂት አኘከችና አቆመች።

«ጨው አድርገውበታል?»

«አላደረግሁም» አለ፤ የራሱንም ቆርሶ በላ።

ሳህኑ እስኪያልቅ አልተነሱም። ከዚያ ኪማኤሬ ልብሱን በጨርቅ ቋጠረ፤ ሁለቱም ወደ ጀልባዋ ወረዱ።