ጫፉ ያልተሣለ ተራራ

«እትዬ፣ እንግዲህ ልጨርሰው?» ሲል የባሏ የሥዕል ተማሪ ፋሂም ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ ጠየቃት። ታቢታ ራሷን ነቀነቀች። ባሏ መምህር ታመነ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። መንደራ ቆጪ ሰፈር ከተተከለው ድንኳን ለገባ ለቀስተኛ ሁሉ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ላለውም «አላህ ሰብሩን ይስጥዎ» ላለውም፣ እንዲሁ ስትነቀንቅ ሰንብታለችና የተጠየቀችውን ልብ አላለችም።

ልብ ያለችው የሟቹ ወንድም ታዲዮስ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ነበር።

«ነገ ድንኳኑ ሲነሣ ሥዕሉን ሳሎን እንሰቅለዋለን። ግን ተራራ አንገቱን ተቆርጦ ይሰቀላል እንዴ? ሰው ወንድሜን ሰነፍ ነበር ይበለው? ተማሪው እንዲጨርሰው ነግሬዋለሁ፤ እሷም እሺ ብላለች።»

ታቢታ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች።

ሥዕሉ ከሠላሳ ዓመት በፊት ጥለውት የመጡት የሀምበሪቾ ተራራ ነው። ታመነ ግርጌውን በወፍራም አረንጓዴ ገነባው፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቀለሙን እያቀጠነ ሄዶ፣ በመጨረሻ ሸራውን ባዶውን ተወው። «ጫፉስ?» ብላው ነበር። «ካገራችን የወጣን ዕለት ጉም ውጦት አልነበረም? እናቴን ዞር ብዬ ብፈልጋት እሷም ጉሙ ውስጥ ቀረች። ያላየሁትን አልሥልም» አላት። እናቱን ዳግመኛ አላገኛትም።

ጓዳ ስትገባ ፋሂም ብሩሽ ይዞ ቆሟል፤ በባዶው ሸራ ላይ ሰማያዊ ጫፍ በቅሏል።

«ማን ፈቀደልህ?»

«እርስዎ ነዎት እኮ! ራስዎን ነቀነቁልኝ።»

«እኔ የነቀነቅሁት ለሞቱ ነው፣ ልጄ።»

«ወላሂ፣ ያላለቀ መስሎኝ ነው። በእኛ በታፔላ ሥራ ባዶ ቦታ ነውር ነው። በነጭ ልሸፍነው?»

«ነጭ ቀለም ጉም አይሆንም። እዚያ ውስጥ እናቱ አለች» አለችና የዚያን ዕለቱን መለያየት ነገረችው።

ፋሂም ጨርቁን ቀለም በሚያነሣው አኳራጅ ነክሮ በቀስታ ጠረገ። እርጥቡ ቀለም ለቀቀ፤ ሸራው የጠጣው ሰማያዊ ጥላ ግን አልወጣም። በመቃብሩ ሰሌዳ ላይ የመምህሩን ስም እጁ ሳይንቀጠቀጥ የጻፈው ሰው አሁን ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር።

«አበላሸሁት! ጋሼን አበላሸሁት!»

«ታቢታ!» አለ ታዲዮስ ከውጭ። «እንግዶች መጥተዋል!»

እሷ ግን ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ፋሂምንም እጁን ስባ ከጎኗ አስቀመጠችው። ከዚያም በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ ጣቶቹን አንድ በአንድ ትጠርግለት ጀመር።