በግለ ሂሴ ያልገባው ሄፓሪን

ሥርጉትን ከጅጋ ወደ ሆስፒታላችን ሲያመጧት ከወለደች አምስተኛ ቀኗ ነበር። ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ሲሆን ደም በቀጫጭን ሥሮች ይረጋል፤ ደሙን የሚያረጋው ንጥረ ነገር ሲያልቅ ደግሞ በየቀዳዳው ይፈስሳል። ሄፓሪን መርጋቱን ይከላከላል። ይህን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንብቤአለሁ፤ ማንበቤን ደግሞ ፍኖተ ሰላም ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር። አዘዝኩ።

ነርሷ ሲስተር አቻምየለሽ እናቴን ያህላሉ። ካርዱን አገላብጠው አዩ። ከዚያ እንደ አገራቸው ወግ ዙሪያውን መጡብኝ።

«እኔ መጽሐፉን አላውቀው ዶክተር። የመርፌው ቀዳዳ ግን ከጠዋት ጀምሮ ደም አላቆመም፤ ድዷም ጀምሯል።»

በሽታው ከመርጋት ወደ መድማት ተሻግሮ ነበር። መጽሐፉም ይህንኑ ይላል፤ እሱ ግን የሚቀጥለው ገጽ ላይ ነው። እኔ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው ብያቸው ወደ አንድ ለአምስት ስብሰባ ገባሁ።

ስመለስ አንሶላው ቀይ ነበር። ሲስተር ሄፓሪኑን አቁመው፣ ከሁለት ወንድሞቿ ደም አስቀድተው፣ እሱን እየሰጧት ደረስኩ። ቀና ብለው አላዩኝም። ካርዱ ላይ «በዶክተር ትእዛዝ ቆመ» ብለው ጽፈውልኛል።

ሥርጉት ዳነች።

በወሩ የታካሚ ቤተሰብ ሳይቀር «የሕዝብ ክንፍ» ተብሎ የተጠራበት ግምገማ ሆነ። ግለ ሂስ ላይ ሰው ሁሉ ትንሿን ኃጢአቱን ይዞ ይመጣል፤ ትልቋን ቤቱ ቆልፎባት። ተራዬ ሲደርስ ቆምኩ። ሲስተር ከኋላ ተቀምጠው ጫማቸውን ያያሉ። ሄፓሪን የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች።

«የሰዓት አጠቃቀም ክፍተት አለብኝ» አልኩ።

«ኤ» ተሰጠኝ። ሲስተር ለለውጥ ያላቸው ተነሳሽነት ዝቅተኛ ነው ተብለው «ሲ» አገኙ። አልተከራከሩም።

ስንወጣ የሥርጉት አባት ቄስ ገብረ ሕይወት በሩ ላይ ጠብቀው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ልጄን ከሞት አፍ አወጡልኝ፣ የምከፍልዎ የለኝም፣ ያለኝ ጸሎት ነው አሉ።

«ክርስትና ስምዎን ማን ልበል? በቅዳሴ አስብዎታለሁ።»

የሲስተርን ስም ልሰጣቸው ዞር አልኩ። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ክርስትና ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። አሁንም መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ቢርቁ አምስት እርምጃ ነው።

«ክንፈሚካኤል» አልኩ። የራሴን።

ቄሱ እንዳይረሱት በከንፈራቸው ደጋገሙት። ሲስተር ደረሱና ጎንበስ ብለው መስቀሉን ተሳለሙ፤ አለፉ። እሳቸውን ማን ልበል ያላቸው የለም።