ሟች የሌለው ተዝካር

ጽጌሬዳ ባለፈው ኅዳር ስትቀበር ሁሉም ዞሮ ያየው እኔን ነበር። በወረታና በዙሪያዋ ሰው ሲሞት ሙሾ የማወርደው እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ከለቅሶ ለቅሶ ስሄድ ጆሮዬ የያዘውን ነው። የዚያን ቀን ግን አፌን ልከፍት ስል የመጣብኝ ሳቅ ነው። ነጠላዬን አፌ ላይ ጭኜ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ያዩ ሰዎች «አይ ጥሩብርሃን፣ ሐዘኑ ድምጿን ነሳት» አሉ። ነገሩ የገባው ባሏ ክንዴ ብቻ ነው። ከእንባው ቀና ብሎ አየኝና ቶሎ አንገቱን ደፋ። እሱም የአቦን ደን እንዳስታወሰ አወቅሁ።

ነገሩ የሆነው በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ክንዴ አስተማሪ ሆኖ ወረታ ተመድቦ እኔ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ነበር። ጽጌሬዳን ከአዲስ አበባ አግብቶ ያመጣት በነሐሴ ነው። በነሐሴ የፎገራ ሜዳ ውሃ ነው፤ ከደጄ ቆሞ ወደ ቁሐር ሚካኤል ያየ ሰው ጣና ወደ እኛ የመጣ ይመስለዋል። ጽጌሬዳ ከአውቶቡስ በወረደች በአምስተኛው እርምጃዋ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን ጭቃ ዋጠው። አንደኛውን ክንዴ ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ አወጣው፤ ሌላኛው እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ሊጠይቃት የመጣ ሰው አልነበረም። የሰፈሩ ሴቶች «የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ምን ብለን እናጫውታታለን» እያሉ ያፍሩ ነበር። እሷ ደግሞ የጠሏት መሰላት።

የእኔና የእነሱ ክፍል የሚለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ሳልፈልግም እሰማለሁ። አንድ ሐሙስ ማታ ጽጌሬዳ «ሻንጣዬን ዘግቻለሁ። ሰኞ ጧት ከጎንደር በሚመጣው አውቶቡስ እሄዳለሁ» አለችው።

«እሁድን ብቻ ስጪኝ» አላት ክንዴ።

«እሁድ ምን አለ?»

«አቦ ደን ሽርሽር እንሄዳለን። ካልወደድሽው ሰኞ ሻንጣሽን ራሴ አውቶቡሱ ላይ እጭነዋለሁ።»

በማግስቱ ወደ እኔ መጣ። «እትዬ ጥሩብርሃን፣ ምግቡን ያግዙኝ።»

«ሽርሽር ምንድን ነው?»

«ምግብ ይዘን ደን እንሄዳለን፣ እንበላለን፣ እንጫወታለን፣ እንመለሳለን።»

«እንጨት ሳትለቅሙ?»

«ሳንለቅም።»

«ታዲያ እቤታችሁ ብትበሉት ምን ይለዋል?»

«እንድትስቅልኝ ነው» አለኝ። ለዚህች ቃል ስል ሁለት ዶሮ አረድሁ።

ያን ጊዜ አምስት ሰው አንድ ላይ ለመቀመጥ የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ አለኸኝ እስክሪብቶውን አንስቶ «አጀንዳው ምንድን ነው?» ሲል ክንዴን ጠየቀው።

«አጀንዳ የለውም፣ ጓድ።»

«አጀንዳ የሌለው ስብሰባ የለም።»

«ስብሰባ አይደለም።»

«ስብሰባ ካልሆነ ፈቃድ ለምን ትጠይቀኛለህ?»

አለኸኝም አሰበ አሰበና «የደን ጉብኝት» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን መታለት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ክንዴና ጽጌሬዳ ከሁለት አስተማሪዎች ጋር ቀድመው ወጡ። እኔ አገልግሉን አዝዬ ተከተልሁ፤ ማረው የሚባል ተሸካሚ ሰሌኑንና ጠላውን አህያው ላይ ጭኖ ከኋላዬ ይነዳል። የለበስሁት ጥቁር ነው፤ ባሌ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር።

እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው። በወረታ ምግብ፣ ጠላና ሰሌን ተይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደን የሚወጣው ለተዝካር ነው። አልቃሿ ጥሩብርሃን ጥቁር ለብሳ ከፊት ስትሄድ ያየ ሰው ምን ይበል? በእኛ ዘንድ ደግሞ ለቀስተኛ መንገድ ላይ «ማን ሞተ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ነጠላ አዘቅዝቆ መከተል ነው። ከገበያው ጥግ ሸዋነሽ የምትባል የሰፈራችን ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለች፤ ከእሷ ኋላ ሌሎች። አንዳንዶቹ ወደ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ብለው ዳቦ በሌማት ይዘው ደረሱ። ሰው ከኋላዬ መከተሉ ለእኔ አዲስ አይደለምና አንድ ጊዜ እንኳ ዞሬ አላየሁም። ማረውም ትንፍሽ አላለ፤ እሱም ለካ ተዝካር የሚሄድ መስሎታል።

ደኑ አፋፍ ስንደርስ ከኋላዬ «ወዮ» የሚል ድምፅ ተነሣ። ዞርሁ። አርባ ሰው ይሆናል።

ከፊታችን ጽጌሬዳ ከአንድ ትልቅ የወይራ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። ክንዴ ዛፉ ላይ ወጥቶ፣ ቅርንጫፉን በእግሩ አንቆ፣ ለዥዋዥዌ የሚሆን የጭነት ጠፍር ያስራል። ሸዋነሽ ጠፍሩን አየች፣ ክንዴን አየች። «ሐዘን አሳብዶታል፣ ያዙት» አለች። ሦስት ጎረምሶች ሮጠው በእግሩ ጎትተው አወረዱት። «ዥዋዥዌ ነው፣ ዥዋዥዌ ነው» ይላል፤ ማን ይስማው። ሁለቱ ደረቱ ላይ ተቀመጡበት።

ሴቶቹ ጽጌሬዳን ከበቧት። ሸዋነሽ አቅፋት «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ። አገርሽ ሩቅ ነው፤ እኛ አለንልሽ። ብቻሽን አይደለሽም» እያለች ታለቅሳለች። ጽጌሬዳ መጀመሪያ ግራ ገብቷት ታየኝ ነበር። «ብቻሽን አይደለሽም» ስትባል ግን ፊቷ ተለወጠ፤ ሸዋነሽ ትከሻ ላይ ወድቃ የሁለት ወሯን አለቀሰችው። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ ጭራሽ ባሰባቸው።

በዚህ መሀል የደብሩ ቄስ አባ ገብረ ኪዳን የዕጣን ጽናቸውን ይዘው ከቅጥሩ ወጡ። «የሟች ስመ ክርስትና ማን ነው?» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«የሞተ የለም፣ አባ» አልሁ።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ምን ሊሠራ መጣ?»

«እኔን ተከትሎ።»

«አንችስ?»

«እኔ ሽርሽር መጥቼ ነው።»

ሸዋነሽ እንባዋን ጠረገች። «ማንም ሳይሞት ነው እንዲህ ያስለቀስሽኝ?»

«ማን አልቅሺ አለሽ?»

«ለእናቴ እንኳ እንዲህ አላለቀስሁም እኮ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ጽጌሬዳ ናት። ፊቷ በእንባ እንደራሰ፣ ሆዷን ይዛ፣ ሰሌኑ ላይ እስክትጋደም ሳቀች። ሳቋን ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንደ ጅግራ ከርከር የሚል ነገር ነበር፣ የሰማው ሁሉ አብሮ የሚስቅለት። ከታች ክንዴ «አሁን ልቀቁኝ» አለ። ለካ ጎረምሶቹ እንደተቀመጡበት ነው።

አባ ገብረ ኪዳን የቀበሌውን ወረቀት ተቀብለው አነበቡ። «ከቅጥሩ ውጭ እስከሆናችሁ፣ ቅርንጫፍ እስካልቆረጣችሁ ድረስ ጎብኙ» አሉ። ከዚያም ጽናውን ለዲያቆኑ ሰጥተው ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። «ሟች የሌለው ተዝካር በልቼ አላውቅም። የመጣልኝን እምቢ አልልም፤ አቅርቡት።»

ለስድስት ሰው የተሠራ ወጥ ለአርባ ሰው በቃ ብል ውሸት ነው። ግን ሴቶቹ ለሐዘንተኛ ብለው ያመጡት ስድስት ሌማት ዳቦ ነበረ፤ ወጡን በእሱ እያጠቀስን በላን። ከዚያ ዥዋዥዌው ተያዘ። ሸዋነሽ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች መጀመሪያ እኔ ነኝ ብላ ወጣች። «አንች ልጅ፣ አዲስ አበባ ሰው መግፋት አላስተማሩሽም?» ትላታለች ጽጌሬዳን። ጽጌሬዳ ባዶ እግሯን ሆና ትገፋታለች። እኔንም ጥቁር እንደለበስሁ አወጡኝ። ወደ ላይ ስወረወር ከዛፎቹ በላይ ሜዳው ሁሉ ታየኝ፤ ውሃው ሸሽቶ፣ ከብቱ ለምለሙ ውስጥ ገብቶ፣ ጣና ጥግ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ። ያን ዓመት ከልቤ የተነፈስሁት ያኔ ነው። አባ ገብረ ኪዳንም ዛፉን በእጃቸው መታ መታ አድርገው «ይሸከመኛል?» ብለው ጠይቀው ነበር፤ ዲያቆኑን አይተው ተውት።

ማታ በግድግዳው በኩል ጆሮዬን ሰጥቼ ቆየሁ፤ ያን ጊዜ ፈልጌ ነው። ስለ ሻንጣው ማንም አላነሳም። ሲስቁ ብቻ ሰማሁ።

ሰኞ ጧት ጽጌሬዳ በሬን አንኳኳች። አውቶቡሱ ጣቢያው ቆሞ ጥሩምባውን ሲነፋ ይሰማል። «እትዬ ጥሩብርሃን፣ ከመሄዴ በፊት የሴቶቹን ሌማት ላድርስ ብል ቤታቸውን አላውቀውም» አለችኝ።

«ባዶውን ልታደርሺ?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ ሌማት ባዶውን ከተመለሰ ስድብ ነው። ዳቦ ሞልተሽ ነው የምትመልሽው።»

«ዳቦ መድፋት አልችልም።»

«ስድስት ሌማት ነው። ስድስተኛው ላይ ትችያለሽ።»

ከንፈሯን ነክሳ ስድስቱን ሌማት አየች። አውቶቡሱ ሄደ። እሷ ዱቄት ልታቦካ ክንዷን ሰበሰበች።

የመጀመሪያው ዳቦ ከሰል ሆነ። እሱን ለሸዋነሽ ወሰደችላት። ሸዋነሽ በሦስተኛው ቀን በዚያው ሌማት እንቁላል ሞልታ መጣች። «ዳቦሽን ለማረው አህያ ሰጠኋት፤ አሽትታ ተወችው» አለቻት፤ ከዚያ ተቀምጣ እስከ ማታ አጫወተቻት። እንግዲህ ሌማቱ በእንቁላል መጣ፣ ባዶውን አይመለስም። ጽጌሬዳ እንደገና ደፋች። ይህ እንዲህ እየተመላለሰ ቀጠለ። ሻንጣውን ክንዴ ጥግ አስቀመጠው፤ በጥር ዶሮ ታቀፈችበት።

ሸዋነሽ ከሞተች ሰባት ዓመት ሆናት፤ በእሷ ፈንታ ይፋግ ያለችው ልጇ ፀገነት ሌማቱን ይዛ ትመላለስ ነበር። በጽጌሬዳ አርባ ማግስት ክንዴ ያን ሌማት ከጓዳ አውጥቶ አመጣልኝ። ቀዩ ጠርዙ ነጥቷል። ሞልቶ የመመለሱ ተራ የጽጌሬዳ ነበር።

ትናንት ዳቦ ደፋሁለት። ነገ ከክንዴ ጋር ይፋግ እናደርሰዋለን፤ ስንወጣ አቦ ደን ትንሽ አረፍ እንላለን። ዳቦው ከሥሩ ትንሽ አሮብኛል። ፀገነት አትቀየመኝም፤ የጽጌሬዳን እጅ ነው የሚያስታውሳት።