በሞቴ ያልኩበት ቅዳሜ

፩

— ቅመሰው እንጂ!
— ተው ይርጋ።
— አንዴ ብቻ።
— ተው አልኩህ እኮ።
— በሞቴ!

፪

ይርጋ እኔ ነኝ። «ተው» የሚለው መክብብ ነው፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ። መጠጥ ካቆመ ሰባት ወሩ ነው።

ነበር።

ቴሌግራም ላይ የት እንደሚበላና ምን እንደሚጠጣ የምጽፍበት ቻናል አለኝ። በዚያ ሳምንት ቢራቸውን እዚያው ግቢያቸው ውስጥ በትንሽ በትንሹ የሚጠምቁ ሁለት ቤቶችን ቅዳሜ ልቀምስ፣ እሁድ ምሳ ደግሞ ክትፎ ልበላ አቀድኩ። መክብብን የወሰድኩት ለምግቡ ነው። የእሱን ያህል ምላስ ያለው ሰው አላውቅም፤ በርበሬው የከረመ መሆኑን በአንድ ጉርሻ ይነግርሃል።

፫

መጠጥ ካቆመ ጓደኛህ ጋር ቢራ ልትቀምስ ስትወጣ እንዲህ አድርግ። ሚስቱ ፋናዬ በሩ ላይ ቆማ «ይርጋ፣ አደራ። እንደገና ከጀመረ ልጄን ይዤ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ነው የምገባው፤ ለእሱም ነግሬዋለሁ» ስትልህ አትሳቅ።

እኔ ሳቅሁ። «ኧረ ፋኒ፣ እሱ ሊበላ፣ እኔ ልጠጣ ነው የምንሄደው» አልኳት። እሷም ሳቀች። አምናኝ ነው።

፬

የቅምሻ ቅጽ

ቤት፦ ሳር ቤት፣ ፎቅ ላይ ያለው።
ቀለም፦ ጥቁር ሊባል ምንም ያልቀረው ቡናማ።
ሽታ፦ የተቆላ ገብስ።
ጣዕም፦ መጀመሪያ መረር፣ ኋላ ለስለስ።
ምግብ፦ ዝልዝል ጥብስ። መክብብ «የጥብስ ቅጠሉ በዝቷል» አለ። ልክ ነበር።
መክብብ የጠጣው፦ ውሃ።
አስተያየት፦ ደስ የሚል ቅዳሜ።

፭

የቅምሻ ቅጽ

ቤት፦ ገርጂ። በርሜሎቹ ከመስታወት ጀርባ ይታያሉ።
ቀለም፦ የማር።
ሽታ፦ ጌሾ። ጠማቂው ራሱ ሽርጡን እንደታጠቀ መጥቶ ሁለት ብርጭቆ ቀዳልን። «ጌሾ የገባበት ቢራ ነው፤ ገና ለሰው አላወጣሁትም። እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ» ብሎ አጠገባችን ቆመ።
ጣዕም፦ አላስታውስም።
መክብብ የጠጣው፦

፮

በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ «መክብብ እጁን ወደ ብርጭቆው ሰደደ» ብዬ ጽፌ ነበር። ውሸት ነው። ሁለቱም እጆቹ ጭኑ ላይ ነበሩ። ብርጭቆውን አንስቼ እንደ ጉርሻ እስከ ከንፈሩ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ለምን? ጠማቂው ቆሞ እያየን ስለነበር ይሉኝታ ያዘኝ። ይህ ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ መጻፍ ይከብደኛል። እሱ ውሃውን እየጠጣ ሲያየኝ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ብቸኛው ሰካራም እኔ የሆንኩ መሰለኝ። ሰባት ወር ሙሉ መክብብ ከእኔ የተሻለ ሰው ሆኖ ነበር። አልወደድኩለትም። አፍራለሁ።

፯

በእኛ ዘንድ እምቢታ ደረጃ አለው። የመጀመሪያው «በቃኝ» ጨዋነት ነው፤ ማንም አይሰማውም። በሁለተኛው ላይ «አትግደርደር» ይባላል። «በሞቴ» ከተባለ በኋላ እምቢ ያለ ሰው ግን ሞቴን እንደተመኘ ይቆጠራል። እናቴ እንግዳ የምታበላው እንዲህ ነው፤ እኔም ያደግሁት እንዲህ ሲባል እየሰማሁ ነው።

ግን ሃያ ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ። መክብብ ሲግደረደርና ሲለምን ለይቼ አውቃለሁ።

እየለመነኝ ነበር።

«በሞቴ» ስለውም ራሱን ነቀነቀ። ያኔ የመጨረሻውን አወጣሁ።

ቆመህ ቅበረኝ።

 

 

ጠጣ።

፰

ግማሹን ብቻ ነው የጠጣው። «ጌሾው በርትቷል» አለ፤ ጠማቂው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሁለተኛውን ራሱ አዘዘ። ሦስተኛውንም። አራተኛው ሲመጣ «ይብቃህ» ብዬዋለሁ፤ እውነቴን ነው። ይህቺን ለመጻፍ እንዴት እንደቸኮልኩ አያችሁልኝ?

፱

እሁድ፣ ካዛንቺስ፣ ለሁለት ሰው የተያዘ ጠረጴዛ። መክብብ አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው።

ክትፎው ለብ ለብ ብሎ መጣ፤ አይብ፣ ጎመን፣ ቆጮ ተደረደረ። እንደኔ ያለውን ሰው አደራ በላ ይሉታል። እኔ በላዩ ላይ ክትፎ ጨመርኩበት፤ ሳህኑን ጠርጌ ነው የተነሳሁት። ስለ ቅቤው አንድ አንቀጽ ጽፌም ለቀቅሁ። ብዙ ሰው ወደደው።

፲

የስልክ ንግግር፣ እሁድ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት

ፋናዬ፦ ይርጋ፣ እንዴት ዋልክ?
እኔ፦ ደህና። መክብብስ?
ፋናዬ፦ ተኝቷል። ዛሬም በጠዋት ወጥቶ ጠጥቶ ነው የመጣው።
እኔ፦ ፋኒ…
ፋናዬ፦ ሁሉንም ነግሮኛል። «ይርጋ ተው እያለኝ፣ እየለመነኝ ነው የጠጣሁት» አለኝ። ላመሰግንህ ነው የደወልኩት።

እኔ፦ አሁን ምን ልታደርጊ ነው?

ፋናዬ፦ ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። ልጅቷም ጫማዋን አድርጋ ቁጭ ብላለች፣ መኪናው በር ላይ ነው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። መክብብ ሲያጠፋ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የሚናዘዘው። ይሄን ሲነግረኝ ግን ግድግዳውን ነበር የሚያየው።
እኔ፦ ምናልባት አፍሮ…
ፋናዬ፦ ስማኝ። ማንም ሳይጎተጉተው፣ በገዛ ፈቃዱ ጠጥቶ ከሆነ እሄዳለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። ሰው ግድ ብሎት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሻንጣዬን ፈትቼ አብሬው እታገላለሁ። አንተ ወንድሜ ነህ፣ አጠገቡ ነበርክ። ግድ ያለው ሰው ነበር?
እኔ፦
ፋናዬ፦ ይርጋ? ሹፌሩ እየጠበቀኝ ነው።
እኔ፦