አሥራ ዘጠነኛዋ

ሃያ ስድስት ዓመት ሂሳብ አስተምሬአለሁ። ቁጥር አይዋሽም እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቁጥር ባይዋሽም ቁጥር የሚጠራው አፍ እንደሚዋሽ የገባኝ ግን እዚያ ተራራ ላይ ነው።

ጉዞው የሦስት ቀን ነበር፤ ሃያ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ መንገድ መሪና እኔ። አብራኝ ልትሄድና ከሰልፉ ኋላ ልትሆን የነበረችው የኬሚስትሪ መምህርት በዋዜማው ታመመች። ርዕሰ መምህሩን ጉዞው ይተላለፍ ብዬ ብጠይቀው፣ "አንተ እኮ ለብቻህ አሥር ሰው ነህ" አለኝ። ሙገሳ ስወድ ለጉድ ነው። ቦርሳዬን አነሳሁ።

ለእያንዳንዱ ልጅ ቁጥር ሰጠሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ፊሽካ እነፋለሁ፤ እነሱ በተራ "አንድ"፣ "ሁለት" እያሉ እስከ ሃያ ሁለት ይጠራሉ። ዞሮ ማየት እንኳ አያስፈልግም። በዚህ ምክንያት ከኋላዬ "ፊሽካው" እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ግድ አልነበረኝም።

አሥራ ዘጠነኛዋ ልጅ ቅጽል ስሟ እንቁላል ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ከሚለው ተረት ነው ያወጡላት። ስትራመድ መሬቱን የምታስፈቅድ ትመስላለች፤ ቅጠል ባየች ቁጥር ትቆማለች። አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ደግሞ ሬዲዮ ትባላለች። አፏ አይዘጋም፣ የማንንም ድምፅ አስመስላ ታወራለች። የእኔን ድምፅ ሳይቀር አስመስላ ክፍሉን ስታስቅ ይዣታለሁ።

በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ፊሽካ ነፋሁ። "አሥራ ስምንት" ተባለ፣ ከዚያ ዝም። እንቁላል ከአሥር ደቂቃ በኋላ እጇ ላይ አንድ ቅጠል ይዛ ብቅ አለች። ደሜ ፈላ። በሰው ፊት ያን ያህል መጮህ አልነበረብኝም፣ ግን ጮህኩ። "ሁለተኛ ቁጥርሽ ሲደርስ ባትኖሪ ጉዞው ላንቺ አበቃ። ለእናትሽ ደውዬ መጥታ እንድትወስድሽ ነው የማደርገው" አልኳት።

"እሺ ቲቸር" አለች፤ ቅጠሏን ኪሷ ከተተች።

ወዲያው ጭጋግ ወረደ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ በስተግራ ገደል አለ። ሁላችንም "ጋሼ" የምንለው መንገድ መሪ ከፊት ሆነ፤ እኔም ዱካው እንዳይጠፋኝ እሱን ተከተልኩ። ከኋላ የሚጠብቅ አዋቂ አልነበረም። ፊሽካ ነፋሁ። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። አንድም አልጎደለም። "ጎበዞች፣ ቀጥሉ" አልኩ። ልጅቷ በቁጣዬ ተስተካከለች ብዬ ልቤን ሞቅ አለው። የምናድርበት ጎጆ እስክንደርስ ሁለት ጊዜ ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሁለቱም ጊዜ ልክ ነበር።

ጎጆው የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ልጆቹ ጭቃ የጠጣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ተደራራቢ አልጋዎቹን ተሻሙባቸው። ጋሼ ሻይ አፈላና በቆርቆሮ ኩባያ አደለ።

"ሃያ ሁለት ቀድቼ አንድ ተረፈኝ" አለ። "ያልጠጣ ማን ነው?"

ልጆቹ ኩባያቸውን ከፍ አድርገው አሳዩት። ሬዲዮ፣ ያቺ አፏ የማይዘጋው ልጅ፣ ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች።

"ቲቸር፣ እኔ ነኝ። ጫማዋን የምታስር መስሎኝ ነው። ትደርሳለች ብዬ ነው። እንዳይመልሷት ብዬ ነው።"

ስም ስጠራ ለቀረ ጓደኛ "አቤት" ብሎ መሸፈን የክፍል ሁሉ ልማድ ነው። እኔም አውቃለሁ፤ አንዳንዴ ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ። ተራራ ላይ ያደርጉታል ብሎ ግን ማን ያስባል?

"ስንት ጊዜ ጠራሽላት?"

"ሦስቴንም።"

ጋሼ ገመድና ባትሪ አነሳ። ጫማዬን ልለብስ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዘኝ። "አንተ ከነዚህ ጋር ትቀመጣለህ። በዚህ ጭጋግ ሁለት ሰው ፍለጋ እንዳልዞር" አለ። እውነቱን ነው። ሃያ አንድ ልጅ ለማን ትቼ ልሂድ?

ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ከመስኮቱ ውጪ ነጭ ነገር ብቻ ነው ያለው። ልጆቹ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፤ በትምህርት ቤት ላልገባቸው ሁሉ መልስ ያለኝ ሰው ነኝ። አንዱ "ቲቸር፣ ምን እናድርግ?" አለኝ። "ካልሲያችሁን ቀይሩ" አልኩት። ሁሉም ቀየሩ። በር ላይ ቆሜ ፊሽካዬን ነፋሁ፣ ነፋሁ፣ ከንፈሬ እስኪደርቅ። ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ስልክ ጮኸ። በዚያ ቤት ኔትወርክ የሚገኘው መስኮቱ ሥር ብቻ ነው፣ እኔም ከበሩ ወደዚያ ተመልሼ ነበር። የእንቁላል እናት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከኋላዋ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማል።

"ቲቸር፣ እንደምን ዋሉ? ልጄ እንዴት ናት? እኔ እንጃ፣ ዛሬ ልቤ አልረጋ አለኝ።"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። "ደህና ናት" አልኩ። "ደክሟት ተኝታለች።"

"እሰይ። ይተዋት፣ አይቀስቅሷት። እርስዎ ካሉማ ምን አስጨነቀኝ" አለችና መርቃኝ ዘጋች።

ሬዲዮ አጠገቤ ነበረች። ሰምታኛለች። ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች።

ጋሼ ሊመሽ ሲል መጣ። እንቁላልን አዝሏታል። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፣ ግን በሕይወት አለች። ሬዲዮ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ልጆቹ ብርድ ልብሳቸውን ሁሉ አምጥተው ከመሩባት። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመርኩ።

"ለምን አልተጣራሽም ልጄ?"

"ተጣርቻለሁ ቲቸር" አለች፣ እንደ ወትሮዋ በዝግታ። "አዳልጦኝ ከመንገዱ ሥር ነው የወደቅኩት፤ ፊሽካዎን ሰማሁ። ተራዬን ጠበቅኩ። አሥራ ስምንት ሲባል በኃይል 'አሥራ ዘጠኝ' ብዬ ጮህኩ። እሷም እኩል ጠራችው። የእሷ ድምፅ በለጠ።" ብርድ ልብሱን ወደ አገጯ ሳበች። "ከዚያ እርስዎ 'ጎበዞች፣ ቀጥሉ' ሲሉ ሰማሁ። እኔን ያሉኝ መስሎኝ ልነሳ ሞከርኩ። እግሬ እምቢ አለኝ።"

የጫማው ክር በጭቃ ደርቆ አልፈታ አለኝ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። እናትየዋ ናት። "ይቅርታ ቲቸር፣ ነቅታ ከሆነ ድምፅዋን ብቻ ልስማ ብዬ ነው።"

ሁሉንም ትንገራት፣ ይገባኛል አልኩ በልቤ። ልጆቹ እንቁላልን እስከ መስኮቱ ደግፈው አደረሷት፣ ስልኩን ሰጠኋትና እግሯ ሥር ተመልሼ ተንበረከክሁ። ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ቁልቁል አየችኝ።

"አቤት እማዬ" አለች። "አዎ። አዎ፣ ተኝቼ ነበር።"

እግሯን እንደያዝኩ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።