በእርሳስ የተጻፈው

እና ደግሞ አዛኝ መስሎ፣ እትዬ፣ ባለቤትዎ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ያው ሰው አይደሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይለኛል የእርሻ ቢሮው ኃላፊ፣ በስልክ፣ በጠዋት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የፍሬ ቁስል ሲመረምር የኖረን ሰው በአንዲት ቃል ጠቅልሎ ሊቀብረው፣ ቀብረነው የለም እንዴ፣ ስንቴ ነው የሚቀበረው። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ገበሬዎቹ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፣ የማንጎው አበባ ለምን ጠቁሮ እንደረገፈ ይነገራቸዋል፣ የሚነገራቸውም ይሄ ነው፣ ሟቹ ባለሙያ የበሽታውን ስም ተሳስቶ ነው። ሟቹ። መልስ የማይሰጥ ሰው ላይ ማላከክ እንዴት ይቀላል።

ማቀዝቀዣው ላይ ያለው የማንጎ ሳጥን ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፣ ልክፈተው፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ውሃ ልጣድ፣ የምን ውሃ፣ ማን ሊጠጣው።

ሳጥኑን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ክዳን ያለው ዕቃ፣ ከሥሩ እርጥብ ወረቀት፣ ከላይ የታጠበው ፍሬ፣ ክድን፣ ሞቅ ያለ ቦታ፣ አምስት ቀን። ፈንገስ ደረቅ ላይ ዝም ይላል፣ እርጥበት ሲያገኝ ነው ማንነቱን የሚያወጣው፣ ትለኝ ነበር፣ እያልክም የምግብ ዕቃዎቼን አንድ በአንድ ወስደህ ጨረስካቸው፣ ዛሬም መሳቢያው ውስጥ ዕቃ የሌለው ክዳን ሞልቷል፣ ያኔም እናደድ ነበር፣ አሁንም ክዳኖቹን ሳይ ደሜ ይፈላል፣ ግን አልጥላቸውም። ገበሬዎቹ አምስት ቀን ብለው ስም አወጡልህ፣ አምስት ቀን ገባ ወይ፣ አምስት ቀን ወጣ እንዴ፣ እንደውም አንዱ፣ ያ ባለኮፍያው፣ ጋሼ፣ እትዬንም አምስት ቀን ሳጥን ውስጥ አቆይተው ነው ያገቡት አሉ፣ ቢልህ፣ አንተ ሳትስቅ፣ አምስት ዓመት፣ አልከው። እውነትህን ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አስጠበቅከኝ።

ይህንንም ማንጎ ያመጣልኝ ባለኮፍያው ነው። ከተረፉት ዛፎች ቆርጦ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጋሼ እንዲህ አይሳሳቱም እትዬ፣ እኔ አላምንም፣ አለኝ፣ አበባው ከሞላ ጎደል የረገፈበት ሰው እኮ ነው፣ ሊሰድበኝ የሚገባው ሰው።

ወረቀቱ ይኸው፣ ከቢሮ የወጣው። ናሙና ቁጥር ሃያ ሰባት፣ የአንገት ብስባሴ፣ በአበባ ጊዜ መርጨት አያስፈልግም፣ ፍሬው ሲቆረጥ ከነእንጨቱ ይቆረጥ። ከሥሩ ስምህ በማሽን ተጽፏል። ፊርማ የለም። የልጅህን የትምህርት ቤት ወረቀት እንኳን ሁለቴ አንብበህ የምትፈርም ሰውዬ፣ ፊርማ የለም፣ ሌባ ሁላ፣ ከየት አመጣችሁት ይሄን ስም።

ስልኩ ጮኸ፣ ልጄ ናት፣ እማዬ እባክሽ አትሂጂ፣ ደምሽ ከፍ ይላል፣ አባዬን አሁን ምን ይጠቅመዋል፣ እኔን ይጠቅመኛል አልኳት፣ እሺ እኔ ልምጣ፣ አትምጪ፣ ሥራሽን ሥሪ፣ እማዬ እየጮህሽብኝ ነው፣ አልጮህኩም። እየጮህኩ ነበር።

ከፈትኩት።

ሽታው ቀድሞ መጣ፣ ጣፋጭና ግም። ጥቁሮቹ ነጥቦች ሰፍተዋል፣ ሰርጎድ ሰርጎድ ብለዋል፣ መሃላቸው ላይ እርጥብ ነገር ጠብ ጠብ ብሎ ተቀምጧል፣ ወደ ሮዝ የሚሄድ ፈዛዛ ብርቱካንማ፣ ከዓመታት በፊት በማጉያው አሳይተኸኝ፣ አታምርም፣ ስትለኝ፣ ከዚህ ቤት አውጣልኝ ያልኩህ። አንትራክኖስ፣ ስሙን ያስጠናኸኝ ፈንገስ። የአንገት ብስባሴ ቢሆን ከአንገቱ፣ ፍሬው ከእንጨቱ ከሚገናኝበት፣ ተነስቶ ውሃ እያዘለ ቆዳውን በጅምላ ያቀልጠው ነበር፣ እንዲህ ያለ ሮዝ አያወጣም፣ እኔ እንኳን የማውቀውን። አበባ የሚበላው ይሄኛው ነው። በአበባ ጊዜ መረጨት የነበረበት ይሄኛው ነው። ግን ተመልከት፣ አንገቱ ጋ ጥቁሩ ለምን በዛ፣ አዎ፣ ዝናብ ነው፣ ዝናብ ከእንጨቱ ላይ እያጠበ ወደ ታች ያወርደዋል፣ እንባ ይመስላል ብልህ፣ እንባ አይደለም፣ ውሃ የሄደበት መንገድ ነው፣ አልከኝ። በመጀመሪያው ቀን ያየ ሰው አንገቱ ነው ብሎ ይገምታል። ይገምታል። በእርሳስ።

የምርመራ ደብተርህ። የመጀመሪያው ቀን ግምት በእርሳስ፣ የአምስተኛው ቀን ስም በእስክሪብቶ፣ ከጎኑ ፊርማ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት። በእርሳስ የጻፍከውን ሰው ሲያይብህ እንደ ፈተና ተማሪ እጅህን ትጭንበት ነበር። የመጨረሻው ገጽ፣ ሃያ ሰባት፣ በእርሳስ፣ የአንገት ብስባሴ፣ የእስክሪብቶው መስመር ባዶ። ይኸው። አልፈረምክም፣ አልወሰንክም፣ ግምትህን ሰርቀው ነው ያወጡት፣ ይሄን ደብተር ጠረጴዛቸው ላይ ነው የምወረውረው፣ ፊታቸው ላይ ነው፣ ከየት አገኛችሁት ነው የምለው፣ ደብተሩ ቢሮ አልነበረም፣ በየቀኑ ወደ ቤት ይዘኸው ትመጣ ነበር፣ ታመህ ስትተኛ እዚህ ነበር፣ አልጋው አጠገብ፣ ከእኔ በቀር ማንም

ስልኩ።

ያኔ፣ ሃያ ሰባት ሳጥን በገባ በሦስተኛው ቀን። ሁለት ሌሊት ስታቃስት አድረህ ገና ዓይንህን መክደንህ፣ ስልኩ ለአራተኛ ጊዜ፣ ኃላፊው ነው፣ እትዬ ይቅርታ፣ ገበሬዎቹ በራችን ላይ ቆመዋል፣ ሃያ ሰባትን ምን ብለው እንደጻፉት ብቻ ይመልከቱልኝ። በሹክሹክታ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ባዶ እግሬን፣ ደብተሩን በጉልበቴ ደግፌ። የአንገት ብስባሴ ይላል። እርግጠኛ ነዎት። ይላል እኮ። ዘጋሁት።

እርሳስ መሆኑን አይቻለሁ። አላየሁም ልል ነበር። አይቻለሁ፣ ግራጫ ነበር፣ መብራቱ ላይ ያብለጨልጭ ነበር፣ ስልኩ እንዳይቀሰቅስህ ብቻ ነበር የፈለግኩት፣ አንድ ሰዓት እንድትተኛ፣ አንዲት ሰዓት። ነቅተህ፣ ማነው የደወለው፣ አልከኝ። ማንም፣ አልኩህ።

በአምስተኛው ቀን፣ ሐኪም ቤት፣ አፍንጫህ ላይ ቱቦ፣ ሃያ ሰባት ዛሬ ይከፈታል፣ ሰው ላኪልኝ፣ አልከኝ። አሁንም ፍሬ፣ አልኩህ፣ እዚህም ፍሬ፣ አንድ ቀን እንኳን ስለ እኔ አታወራም፣ ብዬ ተቆጣሁህ፣ አንተም ዝም አልክ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም እንዳልክ ነው።

አራት ወር። አራት ወር ሙሉ ኃላፊውን ስረግም፣ ፊርማ የለውም እያልኩ፣ እሱም ይጠየቅበታል፣ ለምን አምስት ቀን አልጠበቀም፣ ለምን በስልክ ወሬ ወረቀት ያወጣል፣ ይጠየቅበታል፣ ግን የበሽታውን ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ባለኮፍያው በሩ ላይ ቆሞ ጋሼ አይሳሳቱም ሲለኝ ወንበር ሰጥቼ ያስቀመጥኩት እኔ።

ደብተሩን ብደብቀው ሟቹ ተሳሳተ ይባላል። ባወጣው ማን አነበበው ይባላል። ይባል።

እስክሪብቶህ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ይጽፋል፣ ገና ይጽፋል። ባዶው መስመር ላይ፣ አንትራክኖስ፣ በአምስተኛው ቀን ተከፍቶ የታየ። ያንተን ፊርማ አልፈርምም። የራሴን ስም ጻፍኩ፣ ሙሉውን፣ ያባቴን ጭምር፣ ይነበባል።

ሁለት ሰዓት ተኩል። ሳጥኑን ከደንኩት፣ ክዳኑ ልኩ ነው። ጫማዬ። መነጽሬ። ባለኮፍያው ከፊት ነው የሚቀመጠው፣ አውቀዋለሁ፣ ዓይኑን እያየሁ ነው የምነግረው፣ ሌላውን አላይም። ገጹን ገለጥኩ፣ እጄ ሳላዘው ሄዶ በእርሳስ የጻፍከው ላይ ተጫነ፣ ልክ እንዳንተ፣ ቆየ፣ አነሳሁት።